«ሐሳብ በዛብኝ» የሚባልበት አግዳሚ ወንበር፦ የሐራሬ አያቶችና የድባቴ ጉዳይ

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ፣ ከሕንፃው ወጣ ብሎ አንድ ተራ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይታያል። በአንደኛው ጫፍ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ይቀመጣሉ፤ በሌላኛው ጫፍ እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራ የከበደው፣ ልቡ የዛለ ሰው ይቀመጣል። በመካከላቸው ጠረጴዛ የለም፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውም በአጠገባቸው የለም። የመጀመሪያው ውይይት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እንግዳው ነው፣ እናቲቱ ይሰማሉ። ይህ ወንበር ሥራውን የጀመረው በ2006 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በዓለም ከታወቁት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ላይ ውጤቱ ታትሞ ወጥቷል።

ስለ ድባቴ በተነሣ ቁጥር «ተናገሩ፣ አትደብቁ» የሚል ምክር ተደጋግሞ ይሰማል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለማን፣ የት፣ ከተናገሩ በኋላስ ወዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ሳይመልስ ያልፋል። የሐራሬውን ጉዳይ በዝርዝር ለማቅረብ የፈለግሁት እነዚህን ጥያቄዎች በተግባር ስለሚመልስ ነው። ሰው የሆዱን አውጥቶ የሚናገረው አስቀድሞ «የእኔ» በሚለው ሰው ፊት ሲሆን ነው፤ ከተናገረ በኋላም የሚቀበለው ስብስብ ካላገኘ፣ የከፈተውን በር መልሶ መዝጋቱ አይቀርም። ወንበሩንና ከወንበሩ በኋላ የሚመጣውን ስብስብ ያቋቋሙት ሰዎች ይህን የተረዱት ቀስ በቀስ፣ እየተሳሳቱና እየታረሙ ነው።

የመነሻው ዘመን

በግንቦት 2005 የዚምባብዌ መንግሥት በሾና ቋንቋ «ሙራምባትስቪና» የሚል ስም የሰጠውን ዘመቻ ጀመረ፤ ትርጉሙ ቆሻሻን ማስወገድ እንደ ማለት ነው። ቆሻሻ ተብለው የፈረሱት ግን የድሆች ቤቶች፣ የጉልት ገበያዎችና የዕለት ጉርስ የሚገኝባቸው የመንገድ ዳር መደቦች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ መልእክተኛ ባቀረቡት ግምት መሠረት ወደ 700,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤታቸውን፣ መተዳደሪያቸውን ወይም ሁለቱንም አጥተዋል። ከተመቱት ሰፈሮች አንዷ ምባሬ ናት፤ ከሐራሬ የቆዩ የሠራተኞች ሰፈሮች መካከል የምትቆጠር፣ ትልቁ ገበያና የአውቶቡስ መናኸሪያ የሚገኝባት፣ ኑሮ ጥግ በጥግ የተጨናነቀባት ሰፈር።

ቤት ሲፈርስ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይፈርስም። ጎረቤት ይበተናል፤ ስኳር የሚያበድር፣ ልጅ የሚጠብቅ፣ ሲታመሙ ውኃ የሚያቀብል፣ ሲሞቱ የሚቀብር ሰው ወደማይታወቅ ቦታ ይሄዳል። በዚያ ላይ ዘመኑ የኤችአይቪ ሥርጭት በአገሪቱ ከፍ ብሎ የነበረበት፣ በብዙ ቤቶች ወላጆች ሞተው አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የሰው ሐዘን በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ መጣ፤ ሐዘኑን ተካፍሎ የሚያቀልለው ጎረቤትም በዚያው ሰዓት ተበተነ። ይህ ነጥብ ለጉዳዩ ሁሉ መሠረት ስለሆነ አጥብቄ ልናገረው እወዳለሁ፤ በምባሬ ሰዎች ከታመሙባቸው ምክንያቶች አንዱ የመገለል ሕመም ነበር።

ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በዚያን ጊዜ በሐራሬ የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 12 ያህል ብቻ ነበሩ። አንዲት የ26 ዓመት ታካሚያቸው ከመዲናዋ ርቆ በሚገኝ ቦታ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ልጅቱ ራሷን ለመጉዳት ሞክራ በአካባቢዋ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ፣ እንደወጣች ሐራሬ መጥታ እንድትታያቸው ተስማምተው ነበር። ቀኑ ቢያልፍም አልመጣችም። በመጨረሻ የደወሉት እናቷ ነበሩ፤ ልጃቸው በገዛ እጇ ሕይወቷን አጥፍታለች። ዶክተሩ እንደተስማሙት ለምን እንዳልመጡ ሲጠይቁ፣ እናቲቱ የአውቶቡስ መሳፈሪያ 15 ዶላር አለማግኘታቸውን ነገሯቸው።

ዶክተር ቺባንዳ ይህን ታሪክ በአደባባይ ደጋግመው ተናግረውታል። ከዚያ የደረሱበት መደምደሚያም ሆስፒታል ተቀምጦ ታካሚን መጠበቅ ለአብዛኛው ሰው ምንም ማለት እንዳልሆነ፣ አገልግሎቱ ራሱ ሰው ወዳለበት መሄድ እንዳለበት ነበር። ይህን ማወቅ ግን አንድ ነገር ሲሆን ማንን ይዞ እንደሚሄዱ ማወቅ ሌላ ነገር ነበር።

አሥራ አራት አያቶች

ወደ ምባሬ ጤና ጣቢያ ሄደው እርዳታ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ማንኛውም የጤና ሠራተኛ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ነርሶቹ በኤችአይቪ ሕክምና፣ በወሊድና በሕፃናት ክትትል ተይዘዋል፤ በሕንፃው ውስጥም ትርፍ ክፍል የለም። የተፈቀዱላቸው 14 አያቶችና ከሕንፃው ውጭ ያለው ግቢ ብቻ ነበሩ።

አያቶቹ ለሥራው ፈጽሞ እንግዳ አልነበሩም። ከተማዋ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የምትጠቀምባቸው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ንጽሕናና ስለ ተላላፊ በሽታ ሲያስተምሩ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው እንዳያቋርጥ ሲከታተሉ የኖሩ ናቸው። ሰፈሩ «አምቡያ ኡታኖ» ይላቸዋል፤ «የጤና አያት» እንደ ማለት ነው። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ከፍ ያለ ትምህርት ያልነበራቸው፣ በአእምሮ ጤናም ምንም ሥልጠና ያልወሰዱ ስለነበሩ፣ ዶክተር ቺባንዳ ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ እንዳልተዋጠላቸው ራሳቸው ተናግረዋል። አንድ ሐኪም ለዓመታት የተማረውን ለአያቶች በቀናት ሥልጠና ማስረከብ እንዴት ይሆናል?

የሐራሬን ጉዳይ የሚዘግቡ ብዙ ሰዎች አያቶቹን የሚያቀርቡት ሐኪም ስለጠፋ እንደ ተገኘ ምትክ ነው። በእኔ እይታ ይህ ነገሩን ያሳንሰዋል። አያቶቹ ሐኪም የሌለው ሦስት ነገር ነበራቸው። አንደኛ፣ ከሰፈሩ አይሄዱም፤ ወጣት ባለሙያ ሠልጥኖ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ይሄዳል፣ አያት ግን እዚያው ትኖራለች። ሁለተኛ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ያደቀቀው ነገር እነሱንም ነክቷቸዋል፤ ልጅ ቀብረዋል፣ ቤት ፈርሶባቸዋል፣ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በሾና ልማድ የተቸገረ ሰው ጉዳዩን ለአያት መንገሩ ነውር የለውም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ገመናዋን የምትገልጠው ለባዕድ ሳይሆን ለራሷ ወገን ነበር።

የስሙ ነገር

የመጀመሪያው ስሙ «የአእምሮ ጤና ወንበር» የሚል ነበር። አያቶቹ ይህ ስም እንደማይሆን ተናገሩ፤ በዚያ ስም በተጠራ ወንበር ላይ ሰፈርተኛው እያየ ማንም አይቀመጥም። በእነሱ ሐሳብ «ቺጋሮ ቼኩፓናማዛኖ» ተባለ፤ ሐሳብ የሚለዋወጡበት ወንበር፣ መመካከሪያ ማለት ነው። በዓለም የታወቀበት «የወዳጅነት ወንበር» የሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያውም የተያያዘው ከዚህ ነው።

ከወንበሩ ስም በላይ የከበደው የሕመሙ ስም ነበር። አያቶቹ ከውጭ የመጣውን የሕክምና ቃል አልተጠቀሙም፤ ሰው ሲጨነቅ ራሱ የሚለውን ቃል ያዙ። ቃሉ «ኩፉንጊሲሳ» ነው፤ ከልክ በላይ ማሰብ፣ ሐሳብ ማብዛት። ይህን ቃል የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው የራሱን ቤት ያያል ብዬ አስባለሁ። እኛም «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ሐሳብ ገባኝ» እንላለን፤ የተጨነቀን ሰውም «ኧረ ብዙ አታስቢ» ብለን እንመክራለን። «ድባቴ» በባለሙያዎች አፍና በጽሑፍ እየተለመደ የመጣ ጥሩ ቃል ነው፤ «ድብርት» ደግሞ የቆየ ነው፣ ነገር ግን «ደበረኝ» ለመሰልቸትም ስለሚነገር ክብደቱ ሳስቶ ሰሚው በቀላሉ ያልፈዋል። «ሐሳብ በዛብኝ» ያለችን ሴት ግን ማንም እብድ አይላትም፤ ማንም የማይሸሸው ቃል ስለሆነ ውይይት መጀመር ይቻልበታል። አያቶቹ የመረጡት ይህን ዓይነት ቃል ነው።

በወንበሩ ላይ የሚሆነው

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ልቅ አይደለም። ሰው ወደ ወንበሩ የሚመጣው በአብዛኛው ለሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያው መጥቶ 14 ጥያቄዎች ከተጠየቀ በኋላ ነው። ጥያቄዎቹን በ1990ዎቹ ቪክራም ፓቴል የተባሉት የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በዚያው በሐራሬ፣ በሾና ቋንቋ፣ ሕመምተኞች ከሚናገሩት ቃል ተነሥተው ያዘጋጇቸው ናቸው። ሁሉም ባለፈው አንድ ሳምንት ስለሆነው ነገር ይጠይቃሉ፤ አዎ ወይም አይደለም ተብለው ይመለሳሉ። ሐሳብ በዝቶብሽ ነበር ወይ? እንቅልፍ አጥተሽ ነበር ወይ? ሆድሽን አሞሽ ነበር ወይ? በትንሽ ነገር ትደነግጪ ነበር ወይ? አልቅሺ አልቅሺ ይልሽ ነበር ወይ? ሥራሽ ወደ ኋላ ቀርቶብሽ ነበር ወይ? ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀውም ከነዚሁ አንዱ ነው። በኋላ በተደረገው ትልቅ ጥናት 9ና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው ወደ ወንበሩ ተመርቷል።

ወንበሩ ላይ የሚሰጠው ምክር «ችግር ፈቺ ምክር» ከሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና የተወሰደ ነው፤ አያቶቹ ግን ደረጃዎቹን በራሳቸው ቋንቋ ሰይመዋቸዋል። የመጀመሪያው «ኩቩራ ፕፉንግዋ» ነው፤ አእምሮን መክፈት። እዚህ ላይ አያቲቱ አይመክሩም፤ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እንግዳዋ የተሸከመቻቸውን ችግሮች አንድ በአንድ ታወርዳለች። ቀጥሎ «ኩሲሙድዚራ» ይመጣል፤ ከፍ ማድረግ፣ ማንሣት። ከተዘረዘሩት ችግሮች አንዱ ይመረጣል፤ አንድ ብቻ፤ ለእሱም በሚቀጥሉት ቀናት ሊደረግ የሚችል ነገር ይፈለጋል። ሦስተኛው «ኩሲምቢሳ» ነው፤ ማጠንከር፤ የተደረገው ሠርቶ እንደሆነ፣ ካልሠራም ለምን እንዳልሠራ እየተመለሱ ማየት።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ወንበሩ ላይ ከሚነሡት የተለመዱ ጉዳዮች አንዱን እንውሰድ። አንዲት ሴት ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ መኖሩን አውቃለች፣ ለባሏ አልነገረችም። ክኒኑን ደብቃ ትወስዳለች፣ አንዳንድ ቀን ሳትወስድ ታልፋለች፤ የቤት ኪራይ አልተከፈለም፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም ደርሷል። እነዚህ ነገሮች በአንድነት በጭንቅላቷ ሲዞሩ አንዱም መያዣ የለውም፤ ኩፉንጊሲሳ የሚባለውም ይኸው ነው። አያቲቱ ከእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የትኛውን ማንሣት እንደምትፈልግ ይጠይቋታል። ሴቲቱ ለባሌ መንገር ካለች፣ ቀኑ መቼ፣ ቦታው የት፣ ማን አብሯት ቢኖር፣ ቢቆጣ ወዴት ትሄዳለች የሚለው እስከ ጥቃቅኑ ይታሰባል። ውሳኔው የሷ ነው፤ አያቲቱ አይወስኑላትም። ኪራዩም የትምህርት ቤት ክፍያውም በዚያ ቀን አልተፈቱም፤ ነገር ግን ሴቲቱ ከወንበሩ የምትነሣው የምታደርገውን አንድ ነገር ይዛ ነው። የድባቴ ትልቁ ጉዳት ሰውን ምንም ማድረግ እንደማይችል ማሳመኑ በመሆኑ፣ ትንሽ ሆኖ የተሳካ አንድ ድርጊት ከብዙ ማጽናኛ ይበልጣል።

እንዲህ ያለው ቆይታ እስከ ስድስት ጊዜ ይደረጋል። በቀጠሮዎቹ መካከል በስልክ መልእክት ወይም በቤት ጉብኝት ይጠያየቃሉ። የሰውየው ሁኔታ ከወንበሩ አቅም በላይ ከሆነ፣ በተለይም ራሱን ሊጎዳ የሚችል መሆኑ ከታየ፣ አያቲቱ ለተቆጣጣሪያቸው ያሳውቃሉ፤ እሱም ወደ ሐኪም ያስተላልፋል። ይህ የመጨረሻው ሕግ ብዙ ጊዜ በወጉ ሳይጠቀስ ያልፋል፤ ወንበሩ የቆመው ግን በእሱ ላይ ነው።

ከወንበሩ ወደ ክቡ

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንገባለን። አንድ ሰው ከአያት ጋር ተነጋግሮ ሲቀልለው ተመልሶ የሚገባው እዚያው ብቸኛ ቤት ውስጥ ነው። ምባሬ ያጣችው ጎረቤትን ነበርና፣ ምንም ያህል ብትሰማ አንዲት አያት ብቻዋን ጎረቤት ልትሆን አትችልም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የነበሩት «ኩባታና ቶሴ» ወደሚባል ክብ ይጋበዛሉ፤ ትርጉሙ «ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን» እንደ ማለት ነው። ክቡን የሚመሩት ባለሙያዎች አይደሉም፤ ቀደም ብለው ራሳቸው በወንበሩ ያለፉ ሴቶች ናቸው።

በክቡ ውስጥ እጅ ሥራ አይፈታም። ሴቶቹ ከተጣለ ፕላስቲክ በኪሮሽ ቦርሳ ይሠራሉ፤ የተሠራው ቦርሳ ይሸጣል፣ ጥቂት ገንዘብም ያስገኛል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ዋጋ አለው፤ ወንበሩ ላይ ከሚነሡት ችግሮች ብዙዎቹ በመጨረሻ የገንዘብ ችግሮች ናቸውና። ነገር ግን ኪሮሹ የሚሠራው ሌላ ሥራም አለ። ፊት ለፊት ተያይቶ ስለ ራስ መናገር ይከብዳል፤ ዓይን በመርፌው ላይ ሲያርፍ ግን አንደበት ይፈታል። ዝም ማለት የፈለገችም ዝም ብላ ትሠራለች፤ ዝምታዋን ማንም አይቆጥርባትም። እኛ ቡና ተፈልቶ፣ ስንዴ እየተለቀመ፣ ጥጥ እየተፈተለ የሚወራውን ወሬ የምናውቅ ሰዎች ይህ ለምን እንደሚሠራ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

በወንበሩና በክቡ መካከል ያለው ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ሴቲቱ ከመጀመሪያው ቀን በቡድን ፊት ተናገሪ ብትባል ኖሮ ገመናዋን ትሸፍን ነበር፤ ማንም ይሸፍናል። መጀመሪያ ለአንዲት አያት ብቻ፣ በምስጢር ትናገራለች። ቀጥሎ ያንኑ ሸክም ተሸክመው ባለፉ ሴቶች መካከል ትቀመጣለች፤ እዚያም ለራሷ ብቻ የደረሰ የመሰላት ነገር በብዙ ቤት የደረሰ መሆኑን ትሰማለች። ኀፍረት የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባላችን እውነት ነው፤ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተናገረ ከወገኑ የሚለይ ስለሚመስለው ነው። በክቡ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ መናገሩ ራሱ ወገን ያስገኛል።

ውጤቱ ሲመረመር

የአያቶቹ ሥራ ለዓመታት በሰፈር ውስጥ ቆየ። በ2011 የታተመ የመጀመሪያ ጥናት በ320 ሰዎች ላይ የታየውን ለውጥ ይዞ ወጣ፤ ከ14ቱ ጥያቄዎች የነበራቸው አማካይ ውጤት ከሦስት እስከ ስድስት ቆይታዎች በኋላ ከ11.3 ወደ 6.5 ወርዶ ነበር። ይህ ጥናት የሚያነጻጽርበት ሌላ ቡድን ስላልነበረው ለጥርጣሬ ክፍት ነበር፤ ሰው በጊዜ ብዛትም ይሻለዋልና።

ጥርጣሬውን ለመፈተን በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንዱ ወገን ሰዎች ወንበሩንና ክቡን አገኙ፤ በሌላው ወገን የተሻሻለ የተለመደ እንክብካቤ ተሰጣቸው፤ ይኸውም በነርስ የሚሰጥ ምክር፣ አስፈላጊ ሲሆን የድባቴ መድኃኒትና ወደ ሐኪም መላክ ነው። በጥናቱ የገቡት 573 ሰዎች ሲሆኑ ከመቶ 86ቱ ሴቶች፣ ከመቶ 40 የሚበልጡትም ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ነበሩ። ውጤቱ በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩን ያገኙት ሰዎች ከ14ቱ ጥያቄዎች በአማካይ 3.81 ላይ ሲገኙ፣ ሌሎቹ 8.90 ላይ ነበሩ። የድባቴ ምልክት የታየባቸው ደግሞ በወንበሩ ወገን ከመቶ 13.7፣ በሌላው ወገን ከመቶ 49.9 ነበሩ። ይህን ያህል ልዩነት በዚህ መስክ እምብዛም አይታይም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ በሐራሬ፣ በቺቱንግዊዛና በግዌሩ ከ70 በላይ ወደ ሆኑ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፋ፤ ማላዊና ዛንዚባር ተሻገረ፤ ኒው ዮርክም ደረሰ።

ያልተፈታው

ስለ ጉዳዩ በሙሉ ልብ የምጽፍ ብሆንም፣ ጥናቱ ያላለውን ማስባል ለታመመ ሰው አይጠቅምም። ክትትሉ የስድስት ወር ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የጸናባቸው፣ ከእውነታ የተለየ ነገር የሚያዩ ወይም የሚሰሙ፣ በአእምሮ ሐኪም ክትትል ላይ የነበሩ ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም። ስለዚህ ወንበሩ ለከባዱ ሕመም የሐኪምና የመድኃኒት ምትክ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ የጀመሩት ሰዎችም እንዲህ አላሉም። ድባቴው ጠንቶ ምግብና እንቅልፍ የነሣው፣ ሞትን የሚያስብ ሰው ዛሬውኑ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት፤ አያቶቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ጥናቱ ወንበሩንና ክቡን በአንድነት ስለሰጠ፣ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለይቶ መናገር አይቻልም። መገለጥና ወገን ማግኘት ተደጋግፈው ሠሩ የሚለው ሐሳቤ ከአሠራሩ የመነጨ የራሴ ፍርድ እንጂ በቁጥር የተለካ አይደለም።

የወንዶቹ ቁጥር ደግሞ ያሳስበኛል። ከመቶ 86 ሴቶች ከሆኑ ወንዶቹ የት ናቸው? ወንድ ድባቴ አይዘውም ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሴቶች ለልጆቻቸውና ለራሳቸው ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ አዘውትረው መሄዳቸው ነው፤ ወንበሩም የተቀመጠው እዚያ ነው። ሌላውን ግን ከአገራችንም እናውቀዋለን፤ ወንድ ልጅ ሆዱ ሲብሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ እንዲይዝ ተምሯል፤ ሐሳብ በዛብኝ ከማለት ይልቅ ወደ መጠጥ ቤት መሄድ ይቀለዋል። ለእሱ የሚሆን ወንበር የት መቀመጥ እንዳለበት፣ በሌላኛው ጫፍስ ማን ሊቀመጥ እንደሚገባ የሐራሬው ጉዳይ ገና ሙሉ መልስ አልሰጠም።

ወደ እኛ ሲመጣ

በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይደርሳሉ፤ ዕድር በየሰፈሩ አለ፤ ማኅበርና ጽዋ አለ፤ ቡና አለ። በገጠር ነፍሰ ጡሮች ላይ ችግር ፈቺ ምክርን ለአገሩ አላምዶ የመሞከር ጥናትም ተጀምሯል። ይህን ሁሉ ስናይ እኛ ወንበሩ ከጥንትም አለን ለማለት ይዳዳናል። እኔ ግን እዚህ ላይ መቸኮል የሚገባ አይመስለኝም። ዕድራችን ሰው ሲሞት የሚያደርገውን ሁሉ ሰው በሕይወት ሳለ ሲዝል አያደርግም፤ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ያስተዛዝናል፣ ነገር ግን ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቡናችን ሰው ያሰባስባል፤ ቡና ላይ የተነገረ ነገር ግን ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ሰፈር ሊያዳርስ እንደሚችል ስለምናውቅ፣ ከባዱን ነገር እንይዘዋለን። ወንበሩ ከቡናው የሚለየው በምስጢር ጠባቂነቱ ነው፤ አያቲቱ ሠልጥነዋል፣ ተቆጣጣሪ አላቸው፣ የሰሙትንም ይዘው ይቀራሉ።

ስለዚህ ሊታሰብበት የሚገባው በየሰፈራችን ያሉትን፣ ሰው አስቀድሞ የሚያምናቸውን እናቶች ለይቶ ማወቅ፣ መስማትን እንደ ሙያ ማስተማር፣ ከበላያቸውም ሲከብዳቸው የሚደውሉለት ባለሙያ ማኖር ነው። ይህ ሲሆን በውጭ አገር ያሉትንም የኛን ሰዎች አስባለሁ። አገሩን፣ ቋንቋውን፣ ቤተ ዘመዱን በአንድ ቀን ጥሎ የሄደ ሰው ያጣው የምባሬ ሰው ካጣው ጋር ይመሳሰላል፤ በአዲሱ አገር ሐኪም ቢያገኝም እንኳ «ሐሳብ በዛብኝ» የሚለውን በራሱ ቋንቋ የሚሰማው እናት ላያገኝ ይችላል።

በሐራሬ ክቦች አዲስ የመጣችው ሴት ከጎኗ የምትቀመጠው ከጥቂት ወራት በፊት እሷ አሁን ባለችበት ሁኔታ እዚያው ወንበር ላይ የነበረች ሴት ናት። መጀመሪያ የምትማረው የፕላስቲኩን ክር በጣት ላይ አጠማዝዞ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች ይፈታሉ፤ አጠገቧ ያለችው ሳትናገር ወስዳ ታሳያታለች፣ መልሳም ትሰጣታለች።